ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት በጨፌው ያለችውን ሽመላ እወቋት

 

ዛሬ ስለ ማዳበሪያ አልጽፍም፣ ስለ ተምችም አልጽፍም። ስለ አንድ ወፍ ነው የምጽፈው። "ይሄ ልጅ በአጨዳ ወቅት ሥራ ፈታ እንዴ?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ወሬው ከወፍ ይጀምርና ከከብታችሁ ሣርና ከምንጫችሁ ውሃ ነው የሚደርሰው። እኔም በዚህ ጉዳይ ያጠፋሁት አለ፤ እሱን ሳልናገር ሌላውን ብመክር ትክክል አይሆንም።

ከኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ መጀመሪያ በተመደብኩበት ቀበሌ (ስሙን አልጠራም) ከመንደሩ በታች ሰፊ ጨፌ ነበር። ክረምት ውሃ ይተኛበታል፣ በጋ ከብት ይሰማራበታል። መሬት ያጡ ወጣቶች ብዙ ነበሩና "ይሄ ረግረግ ዝም ብሎ ከሚተኛ ይልማ" ተባለ። እኔም ደስ አለኝ። ገመድ ይዤ፣ ችካል ተክዬ፣ ውሃው ወደ ወንዝ የሚወርድበትን ቦይ የለካሁት እኔ ነኝ። ጥር ላይ ተቆፈረ። በመጀመሪያው ዓመት ድንቹም ሽንኩርቱም አሪፍ ሆነ፤ ፎቶ አንስቼ ከሪፖርቴ ጋር ልኬአለሁ፣ ተጨብጭቦልኛል።

በሁለተኛው ዓመት የካቲት ሲገባ ከጨፌው በታች ያለው ምንጭ ቀጠነ። መጋቢት ላይ እናቶች ጄሪካን ይዘው ወረፋ መጠበቅ ጀመሩ። የተቦየበት መሬት ተሰነጣጠቀ፤ ሽንኩርቱ ውሃ ፈለገ፣ ውሃው ደግሞ የለም፤ እኛው ነን ወደ ወንዝ የሸኘነው! ሚያዝያ ላይ ከብቱ የሚግጠው አጥቶ ገለባ በገንዘብ ተገዛ።

ያኔ አንድ ሽማግሌ ከቦዩ ዳር ቆመው እንዲህ አሉኝ፦ "ልጄ፣ ሁለቱ ትላልቅ ወፎች ዘንድሮ አልመጡም፣ አይተሃል?"

"የትኞቹ ወፎች አባ?" አልኳቸው።

"እነዚያ አንገታቸው ነጭ፣ ከአገጫቸው ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልላቸው። እኔ ልጅ ሆኜ ጀምሮ ክረምት ክረምት እዚህ ነበሩ።"

አላውቃቸውም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ጨፌ ስመላለስ አይቻቸው ይሆናል፤ ግን "ሽመላ ነው" ብዬ አልፌአለሁ። ኮሌጅ ስለ ስንዴ ዋግ ተምሬአለሁ፣ ስለ ከብት መኖ ተምሬአለሁ፤ በረግረግ ላይ ስለሚኖር ወፍ ግን የተማርኩት የለም። ከዚያ በኋላ ነው ስልኬን ይዤ መፈለግ፣ ማንበብ፣ የሚያውቁ ሰዎችን መጠየቅ የጀመርኩት።

እንግዲህ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

የእኛ ችግር ከስሙ ይጀምራል። እግሩ የረዘመ ወፍ ሁሉ ለእኛ ሽመላ ነው። ከላም ኋላ ኋላ የምትሄደውም ነጭ ወፍ ሽመላ፣ ከቄራ አጠገብ የሚቆመው መላጣም ሽመላ፣ ከውጭ አገር በመንጋ የሚመጣውም ሽመላ። ባለሙያዎች ግን ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ወገን ለይተው "ክሬን" ይሉታል። በአገራችን በብዛት የምናገኛቸው ክሬኖች ሦስት ዓይነት ናቸው። ዛሬ በዋናነት የማወራው ከሦስቱ ስለ አንዷ፣ ሽማግሌው ስላሏት ነው። ሁላችንም የምንግባባበት የአማርኛ ስም ስላላገኘሁላት በዚህ ጽሑፍ "ባለሎቲዋ" እላታለሁ፤ እንደ ፍየል ሎቲ ከአገጯ ሥር ሁለት የሥጋ ቁራጭ ስለሚንጠለጠልላት ነው። እናንተ ጋ ሌላ ስም ካላት ጻፉልኝ፣ እሱን እንጠቀማለን።

ባለሎቲዋን ለማወቅ መጀመሪያ ቁመቷን እዩ። በአፍሪካ ካሉት ክሬኖች ሁሉ ረጅሟ እሷ ናት፤ ቀጥ ብላ ስትቆም እስከ 1 ሜትር ከ75 ትደርሳለች። ይህ የአንድ ጎልማሳ ሰው ቁመት ነው። ክንፏን ስትዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር ከ30 በላይ ይሆናል። ቀጥሎ አንገቷን እዩ፦ ከላይ እስከ ደረቷ ድረስ ነጭ ነው፣ ነጠላ የተከናነበች ይመስላል። ጀርባዋ አመድማ፣ ሆዷ ጥቁር። አናቷ ላይ ጠቆር ያለ ቆብ አላት፤ ከዓይኗ ፊት እስከ መንቆሯ ድረስ ላባ የሌለው ቀይ፣ ጉብጉብ ያለ ቆዳ አለ። ከዚያ ሥር ሁለቱ ሎቲዎች። ከኋላ ደግሞ ከክንፏ የሚወርድ ረጅም ላባ ጅራቷን ሸፍኖ መሬት ሊነካ ይደርሳል፤ ጅራቷ ይመስላችኋል፣ ግን የክንፍ ላባ ነው። ግልገሏ ገና ስለሆነች ሎቲዋ ትንሽ ነው፣ ቀዩም ፊት አይታይባትም፤ እሷን ከእናት ከአባቷ አጠገብ ስለምትሆን ነው የምትለዩአት።

ሁለተኛዋን ማንም አይስታትም። ራሷ ላይ ወርቅማ ዘውድ አለ፤ እንደ ስንዴ ዛላ ጢም ቀጥ ቀጥ ያለ ላባ። ሰውነቷ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭና ቀይ፣ ክንፏ ላይ ሰፊ ነጭ። ቁመቷ ወደ 1 ሜትር ገደማ ነው። ይህቺ ዘውዳሟ ናት። አንድ መለያ አላት፦ ከሦስቱ ውስጥ ዛፍ ላይ የምታድረው እሷ ብቻ ናት፤ የኋላ ጣቷ ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ ትጨብጣለች። ባለሎቲዋ ዛፍ ላይ አትወጣም። ስለዚህ "ዛፍ ላይ የቆመች ባለሎቲ አየሁ" የሚል ሰው ሌላ ወፍ ነው ያየው።

ሦስተኛው እንግዳው ነው። አሁን በኅዳር ማሳችሁ ላይ በመንጋ የምታዩት፣ በሰማይ ላይ ተሰልፎ ጥሩምባ የመሰለ ድምፅ እያሰማ የሚያልፈው። መላ ሰውነቱ አመድማ ነው፤ አንገቱ ከፊት ጥቁር ሆኖ ከዓይኑ ኋላ ጀምሮ ነጭ መስመር ይወርድበታል፤ አናቱ ላይ ትንሽ ቀይ ምልክት አለች። ሎቲ የለውም፣ ዘውድ የለውም። ከአውሮፓ ነው የሚመጣው፤ ፊንላንድና ኢስቶኒያ ላይ ምልክት ተደርጎባቸው እስከ ኢትዮጵያ ድረስ የተከታተሏቸው አሉ። የአውሮፓን ብርድ ሸሽቶ ይመጣል፣ የእኛ በጋ ሳያልቅ ይመለሳል።

ስትበር ለመለየት ደግሞ አንገቷን እዩ። ክሬን ሁሉ አንገቱን ወደ ፊት ቀጥ አድርጎ፣ እግሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ ነው የሚበረው። ከላም ኋላ የምትሄደዋ ነጭ ወፍና ዘመዶቿ ግን ሲበሩ አንገታቸውን አጥፈው ትከሻቸው ውስጥ ይቀብሩታል። ቀይ መንቆርና ቀይ እግር ያለው ነጩ ወፍ አንገቱን ዘርግቶ ነው የሚበር፤ ግን እሱ መንቆሩ ረጅም ነው፣ ከክሬንም ወገን አይደለም።

ይሄን ሁሉ የዘረዘርኩት ለፈተና አይደለም። ካልለየን አንዱ ባጠፋ ሌላውን ነው የምንቀጣው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን "ሽመላ ሽምብራዬን ጨረሰው፣ መርዝ ንገረኝ" ብሎ ደወለልኝ። ምን እንደሚመስል ስጠይቀው፦ ብዙ ናቸው፣ አመድማ ናቸው፣ ጧት ከሐይቁ በኩል ነው የሚመጡት አለኝ። በቃ፣ እንግዳው ነው። ባለሎቲዋ በዚያ ብዛት ሰው ማሳ ላይ አትወርድም። እሷ አብዛኛውን ጊዜ ከባሏ ጋር ጥንድ ሆና፣ ቢበዛ አንድ ልጅ ይዛ ነው የምትታይ። በበጋ ጥቂቶች ተሰብስበው የሚታዩበት ጊዜ አለ፤ የእህል ፍሬም አልፎ አልፎ ትለቅማለች፣ አትለቅምም አልልም። ዋና ምግቧ ግን በጭቃ ውስጥ ያለ የቀጤማና የቀጤማ ዘመዶች ሥር ነው። ረጅም መንቆሯን ጭቃ ውስጥ ሰክታ ትቆፍራለች። ነፍሳት፣ እንቁራሪት፣ ቀንድ አውጣም ትበላለች። (ቀንድ አውጣ ትበላለች ስል "እንግዲያ የጉበት ትልን ታጠፋልናለች" የሚል እንዳይመጣ፤ እንደዚያ ብዬ አልዋሽም። የጉበት ትል መድኃኒቱ በእንስሳት ጤና ክሊኒክ ነው ያለው፣ በጊዜው አስግቱ።)

ለእንግዳውም ቢሆን መርዝ አትበሉ። መርዝ የተቀባ እህል ማሳ ላይ ስትበትኑ ዶሮአችሁም ይለቅመዋል፣ የሞተችውን ወፍ ውሻችሁ ይበላታል፣ እረኛው ልጃችሁ በእጁ ያነሳታል። ሕጉም አይፈቅድም፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል። የሚሠራው ነገር ቀላል ነው፣ ግን ይሰለቻል፦ እንግዳው ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድርና ጎህ ሲቀድ ነው ወደ ማሳ የሚበረው። ስለዚህ ጠባቂ የሚያስፈልገው ረፋድ ላይ ሳይሆን ጎህ ሲቀድ ነው። የታጨደውን ሽምብራና ጓያ ማሳ ላይ አታሰንብቱት፤ ቶሎ ሰብስባችሁ ከምሩት። ቀድሞ የታጨደ የጤፍ ወይም የዳጉሳ ቃርሚያ ያለበት ማሳ ካላችሁ ደግሞ ወዲያው አትረሱት፤ ወፉ የወደቀ ፍሬ እዚያ ሲያገኝ ያልታጨደው ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል።

ወደ ባለሎቲዋ ልመለስ። እሷን በተመለከተ እኔን ያስደነገጠኝ አወላለዷ ነው።

ጥልቀት በሌለው ውሃ መሃል ሣር ነቅላ፣ ከምራ፣ ጉብታ ትሠራለች። ዙሪያውን ሣሩን ስለነቀለችው ጎጆው በውሃ ቀለበት ይከበባል፤ ቀበሮ እንዳይደርስባት ነው። እንቁላሏ አንድ ወይም ሁለት ነው። ሁለት ብትጥልም የምታሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ሲፈለፈል እሱን ይዘው ይሄዳሉ፣ ሁለተኛው እንቁላል ይቀራል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ረግረጎች ለእርሻና ለግድብ ሲጠፉ ቁጥሯ በጣም ስለወደቀ፣ ያንን የሚቀር እንቁላል ሰዎች እየወሰዱ በእጃቸው እስከ ማሳደግ ደርሰዋል። እዚያ ደረጃ ላይ ከተደረሰ በኋላ መመለስ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ አስቡት።

እንቁላሉን ሁለቱም እየተፈራረቁ ከ33 እስከ 36 ቀን ይታቀፉታል። ጫጩቷ ተፈልፍላ እስክትበር ድረስ ደግሞ ከ90 እስከ 130 ቀን ይፈጃል። ይህ ማለት ሦስት ወር አልፎ እስከ አራት ወር። የእናንተ ዶሮ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምታስፈለፍል ቁጠሩና አወዳድሩ! በእነዚያ ወራት ሁሉ ጫጩቷ በእግሯ ነው የምትኖረው። ውሻ ይደርስባታል፣ ከብት ጎጆውን ይረግጣል፣ ቀጤማ ልትነቅል የገባች ልጅ ሳታስበው ታባርራቸዋለች። ወላጆቹ ሰው ገና ከሩቅ ሲያዩ ከጎጆው ተነስተው ይሄዳሉ፤ እነሱ በራቁበት ሰዓት እንቁላሉ ይቀዘቅዛል ወይም ቁራ ይወስደዋል። ለእረኛ ልጅ እንቁላል ማንሳት ጨዋታ ነው። ለጥንዶቹ ግን የዓመቱ ልፋት ሁሉ ያ ነው።

በአገራችን ደግሞ ብዙ አይደሉም። በመቶዎች ነው የሚቆጠሩት። አብዛኞቹ የዓለም ባለሎቲዎች ያሉት በዛምቢያ፣ በቦትስዋናና በሞዛምቢክ ረግረጎች ነው፤ የእኛዎቹ ከእነዚያ ተነጥለው በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ብቻቸውን የቀሩ ናቸው። እኛ ጋ ቢያልቁ ከዚያ የሚመጣ ምትክ የለም። ባሌ ተራሮች ላይ አሉ፣ በሀዲያ ቦዮ ረግረግ ላይ አሉ፣ እዚህ በጣና ዙሪያ ጨፌዎች ላይም አሉ። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። መመዝገቡ ደስ ይላል፤ ግን ጨፌው ያለው በቀበሌ ነው፣ ቦዩም የሚቆፈረው በቀበሌ ስብሰባ ተወስኖ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አሁን በምሠራበት ቀበሌ ያው ጥያቄ ተነስቷል። ከጥምቀት በኋላ ተሰብስበን እንወስናለን ተብሏል፦ ጨፌው ይቦይ፣ ለወጣቶች ይከፋፈል፣ ዳር ዳሩ ባሕር ዛፍ ይተከል። እኔ በዚህ ሐሳብ አልስማማም። በስብሰባው ላይም ተነስቼ እናገራለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን እዚህ በጽሑፍ ማለት ፈለግሁ።

አልስማማም የምለው ለወፏ ብቻ ብዬ አይደለም። "ወፏን ጠብቁ" እያሉ ፎቶ አንስተው የሚሄዱ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ገበሬው ምን ይብላ ብለው ሲጠይቁ ግን አልሰማሁም። በሌላ በኩል ደግሞ እኛ የልማት ሠራተኞች "ይህን ያህል ሄክታር ለማ" ብለን ሪፖርት እናደርጋለን፤ "ይህን ያህል ምንጭ ደረቀ" የሚል ሪፖርት ግን ሞልቼ አላውቅም፤ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም። ሁለቱም ወገን ጨፌውን በግማሽ ዓይን ነው የሚያየው።

ጨፌ ምን እንደሚሠራ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ክረምት ከተዳፋቱ የሚወርደውን ጎርፍ ያስቆመዋል፤ ደለሉን ያስቀረዋል፤ ውሃውን እንደ ስፖንጅ መጥጦ ይይዝና በበጋ ቀስ እያለ ለምንጩና ለጉድጓዱ ይለቀዋል። ሚያዝያ ላይ አገሩ ሁሉ ሲነድ አረንጓዴ ሣር የሚገኘው እዚያ ነው። ቀጤማው ለበዓል ከዚያ ነው የሚመጣው፣ እንግጫው ለእንቁጣጣሽ ከዚያ ነው፣ በሐይቁ ዳር ላላችሁ ደግሞ የታንኳው ደንገል። ይሄን በብር ተምኖ ሪፖርት ያደረገ የለም እንጂ በየቀኑ የምትበሉት ነው። ሲቦይ በመጀመሪያው ዓመት ለም ሆኖ ያታልላል፤ ለብዙ ዘመን የተጠራቀመ ብስባሽ ስላለው ነው። ያ ብስባሽ ሲደርቅ እየሟሸሸ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚቀራችሁ እንደ ሌላው ማሳ ማዳበሪያ የሚጠይቅ መሬትና የደረቀ ምንጭ ነው። ባሕር ዛፉ ደግሞ የተረፈውን ውሃ ይመጠዋል።

ባለሎቲዋ እዚህ ላይ ነው የምትጠቅመን። ጎጆዋን የምትሠራው ውሃው ሳይደርቅ ልጇን ሊያሳድግ በሚችል ጨፌ ላይ ብቻ ነው። አራት አምስት ወር የሚቆይ ውሃ ወይም ርጥበት ትፈልጋለች። ስለዚህ ጥንዶቹ መጥተው ልጅ ካሳደጉ ጨፌው ገና ጤነኛ ነው ማለት ነው። መምጣታቸውን ካቆሙ ምን እንደተለወጠ መፈተሽ አለብን፤ ሰው አብዝቶ አስቸግሯቸው ሊሆን ይችላል፣ ውሃውም እየሸሸ ሊሆን ይችላል። እኔ በመጀመሪያው ቀበሌ ይሄን አላወቅኩም ነበር። የወፎቹን መቅረት ያስተዋሉት ሽማግሌ ግን የውሃውንም መጥፋት ከእኔ ቀድመው አይተውታል።

የወጣቶቹ ጥያቄ ግን እውነተኛ ነው። እኔም መሬት የለኝም፤ ደመወዜን ነው የምበላው። መሬት ለሌለው ልጅ "ለወፍ ስትል ተው" ብለው ቢነግሩት ቢቆጣ አልፈርድበትም። ስለዚህ ተው ከማለት ጋር ሌላ ነገር ማምጣት ግዴታችን ነው። እኔ ለስብሰባው የማቀርበው ይህን ነው።

የጨፌው መሃል፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ አይነካ። ቦይ አይቆፈርበት። ዳሩ ላይ ውሃው እየሸሸ ሲሄድ የሚገለጠውን ባህር ሸሽ መሬት ግን በቀረው ርጥበት ሽምብራና ጓያ መዝራት ይቻላል፤ አባቶቻችሁም ሲያደርጉት ኖረዋል፣ ቦይ አይፈልግም። ይህ ዳር መሬት ነው ለወጣቶቹ ቅድሚያ መሰጠት ያለበት፤ አሁን የያዘው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ በስብሰባው ላይ ይነገር። ሣሩም እንደዚሁ፦ መሃሉን ከሐምሌ እስከ ጫጩቷ እስክትበር ከከብት ብንከልለው ሣሩ ያድጋል፤ ከዚያ ወጣቶቹ አጭደው፣ አድርቀው፣ ድርቆሽ አድርገው ይሽጡት። ሚያዝያ ላይ አንድ ሸክም ድርቆሽ ስንት እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ንብ ማነብም አለ፤ ውሃ ዳር ያለ አበባ ለቀፎ ጥሩ ነው፣ የማሳ ድንበርም አይፈልግም። ባሕር ዛፍ የፈለገ ተዳፋቱ ላይ፣ ከውሃው ርቆ ይትከል።

ይሄ ሁሉ ለሁሉም ወጣት ይበቃል ወይ? አይበቃም። ቦዩም ግን አይበቃም ነበር፤ በመጀመሪያው ቀበሌ ከተከፋፈሉት ልጆች ብዙዎቹ በሦስተኛው ዓመት ቦታውን ትተው ወደ ቀን ሥራ ሄደዋል።

አሁን በጨፌው ላይ አንድ ጥንድ ባለሎቲ አለ፣ ልጅም ይዘዋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው እረኞቹ ጫጩቷን ያዩአት። ትናንት ከመንገዱ ሆኜ አየኋቸው። እናትና አባት በየተራ ጭቃውን እየቆፈሩ ያጎርሷታል፤ እሷ ክንፏን ዘርግታ ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ ገና አልተነሳችም። አንዱ ደግሞ ሣር በመንቆሩ ወደ ላይ ወርውሮ ዘለል ዘለል አለ፤ ክሬን ሲጨፍር ካላያችሁ ጊዜ ወስዳችሁ እዩ፣ የእስክስታ ትከሻ ብቻ ነው የጎደለው።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። በየቀበሌያችሁ ጨፌ ላይ ባለሎቲ ወይም ዘውዳም ካያችሁ በስልካችሁ አንሱልኝ። ግን ከሩቅ፣ ከመንገድ ሆናችሁ፤ ካሜራውን አቅርቡት እንጂ እግራችሁን አታቅርቡ። ወፏ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ወደ እናንተ ማየት ከጀመረች ቀርባችኋል ማለት ነው፣ ተመለሱ። ጎጆ ካያችሁ ፎቶ ይቅር። ቦታውንም ገጹ ላይ በግልጽ አትጻፉ፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ በተለይ ዘውዳሟን ይዞ የሚሸጥ ሰው አይጠፋም። ስንት እንዳያችሁ፣ ልጅ መያዝ አለመያዛቸውን፣ በየትኛው ወር እንደሆነ ጻፉ። ሽማግሌዎችን ደግሞ ጠይቁልኝ፦ ድሮ የት የት ጨፌ ላይ ነበሩ? አሁን እዚያ ጨፌ ላይ ምን አለ? ምንጩስ?

መልሱን ከጥምቀት በፊት ካደረሳችሁልኝ ለስብሰባው ይዤው እገባለሁ። እስከዚያ ጨፌው አጠገብ ያላችሁ የእኛ ቀበሌ ሰዎች፣ ውሾቻችሁን ጠዋት ጠዋት እሰሩልኝ፤ ጫጩቷ እስክትበር ጥቂት ሳምንት ነው የቀራት።